ትርፍ የጫንኩ ሰሞን

ይህን አካል «ትርፍ አንጀት» ብሎ የሰየመው ሰው ነጋዴ እንዳልነበረ በሙሉ ልቤ እመሰክራለሁ። ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ትርፍ የሚባለውን የተከበረ ነገር ከሆድ ግርጌ፣ ማንም በማያየው ጥግ ወሽቆ፣ ሲያምም ቆርጣችሁ ጣሉት አይልም ነበር። እኔ ደሴ ላይ ብርድ ልብስና ፍራሽ የምሸጥ ሰው ነኝ። ጠዋት ከቤት የምወጣው ትርፍ ፍለጋ ነው፤ ማታ የምገባው ደግሞ ትርፍ የለም እያልኩ ነው። የለም የምለው ለሚስቴም፣ ለጎረቤቴም፣ ለገቢዎች ሰዎችም ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የለኝም እያልኩ ኖሬ፣ አንድ ቀን ሆዴን ቅባት ቀብተው፣ መሳሪያ አንሸራትተውበት፣ «አለዎት፤ እንዲያውም አብጧል» ቢሉኝ ምን ይሰማኝ? ተነቃብኝ አልኩ።

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ዕለት ኮምቦልቻ ነው። የበኩር ልጄ ሰሚራ ለኮምቦልቻ ልጅ ታጭታለች። ኒካሁ በወጉ ከሙሽሪት ቤት መታሰር ነበረበት፤ ሆኖም የሙሽራው አያት ሀጂ እንድሪስ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ የደሴን ብርድ ደረታቸው አይችለውም፤ እሳቸው ያልተቀመጡበት ኒካህ ደግሞ ቤተሰቡ ዘንድ እንደ ኒካህ አይቆጠርም። ስለዚህ እሁድ ኮምቦልቻ፣ በሳቸው ግቢ ይታሰር ተባባልን። እኔም ድንኳኑ ወዴት ይዙር የሚለውን ለመምከር ወረድኩ። ስለ ድንኳን የተመካከርነው ጥቂት ነው። ሀጂ እንድሪስ እንግዳ ጠግቤያለሁ ሲላቸው የሰደባቸው ስለሚመስላቸው፣ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ላለመሳደብ ስበላ ዋልኩ።

መናኸሪያ ስደርስ እምብርቴ ዙሪያ አንድ ነገር ቁርጥ ቁርጥ ይለኛል። የሀጂ ሥጋ ነው አልኩና ናቅሁት። ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ሹፌሩ ግን ፊቴን ያውቀዋል፤ «ለአባቴ ጠጋ ጠጋ በሉላቸው» ብሎ፣ ጠጋ የሚል ሰው ሲያጣ፣ ከወንበሩ ጀርባ አንዲት በርጩማ አውጥቶ መሐል ላይ አስቀመጠኝ። በርጩማዋ ለሕፃን የተሠራች ሳትሆን አትቀርም። ጉልበቴ ጆሮዬን እየነካ፣ የደሴ ካፖርቴን በኮምቦልቻ ሙቀት ታቅፌ ጉዞ ጀመርን።

ሐረጎን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ሐረጎ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለ ዳገት ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ አንዳንዱ ኩርባ ላይ የራስህን መኪና የኋላ ታርጋ የምታነብ ይመስልሃል። በአንዱ ኩርባ የነበረው ሕመም በሚቀጥለው ኩርባ ዕቃውን ጠቅልሎ፣ ከእምብርቴ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ጎኔ ግርጌ ወረደ። እዚያም ቤት ሠራ። ሚኒባሱ አንዲት ጠጠር በረገጠ ቁጥር ወላሂ ጠጠሯ ጎማውን ሳይሆን እኔን የመታችኝ ያህል እዘላለሁ። የተቀመጡት ሰዎች ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፤ ከወንበሩ ግን የተነሣልኝ የለም።

ዳገቱ አናት ላይ ትራፊክ አስቆመን። አንገቱን አስገብቶ፣ «ትርፍ አለ?» አለ።

ሹፌሩ የለም አለ። ትራፊኩ ዓይኑን አዙሮ አዙሮ እኔ ላይ አሳረፈ፤ በርጩማ ላይ ሁለት ቦታ ታጥፌ ሆዴን ይዣለሁ።

«ይሄስ?»

«እሳቸው ታመው ነው።»

«የታመመ ትርፍ ነዋ። ይውረድ።»

እንግዲህ በኋላ ስንት መሳሪያ፣ ስንት ደም ምርመራ ተደርጎ የተደረሰበትን ይህ ሰው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ብቻ ተናገረው። ያን ጊዜ ማን ልብ አለ። ወረድኩ። ትርፍ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ደንቡን ያውቀዋል፤ ትወርዳለህ፣ በእግርህ ትራፊኩን ታልፋለህ፣ ከኩርባው ወዲያ ሹፌሩ ቆሞ ይጠብቅሃል። ችግሩ እኔ ቀጥ ብዬ መራመድ አልቻልኩም። እጄን ቀኝ ጎኔ ላይ ጭኜ፣ ወገቤን ሰብሬ በፊቱ ሳልፍ ትራፊኩ ደንገጥ አለ። ለይቅርታ የምሰግድለት መስሎታል። «ይበቃል አባቴ፣ ይቅር ብያለሁ፣ ቀና ይበሉ» አለኝ። ቀና ማለት ብችል ምን ገዶኝ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ መዲና አንዴ አየችኝና ፍርዱን ሰጠች። ጨጓራ ነው፤ የሰው ቤት ሲሆን መጠኑን የማያውቅ ሰው ፍጻሜው ይኸው ነው። ፌጦ በጥብጣ አጠጣችኝ። ፌጦው ሲወርድ ሌላውን ሆዴን ሁሉ አቃጠለ፤ ያችን ቦታ ግን ያወቃት አይመስልም። በዚህ መሐል ጎረቤቴ ጌታቸው ገባ። ጌታቸው ከሱቄ ጎን ጫማ ይሸጣል፤ ጓደኛዬ ነው፤ ከዓመታት በፊት ትርፍ አንጀቱን አስወጥቷል። ይህን የማያውቅ የደሴ ሰው የለም፤ ምክንያቱም ጠባሳውን ለሁሉም አሳይቷል። በሰርግ አሳይቷል፤ በለቅሶ አሳይቷል፤ አንድ ጊዜ ከዝናብ ሊያስጠልለው ቤቱ ላስገባው መንገደኛ አሳይቷል። አሁንም ጤና ይስጥልኝ ከማለቱ በፊት ሸሚዙን ከሱሪው መዘዘ።

«እዚህች ላይ ነው የሚያምህ?» አለኝ ጠባሳውን እየጠቆመ።

አዎ ስለው ፊቱ በደስታ በራ። ለብዙ ዘመን ብቻውን ከኖረበት ደሴት ላይ ሁለተኛ ሰው የመጣለት ይመስላል። ባጃጅ ጠርቶ አስገባኝ። የደሴን ኮብልስቶን በባጃጅ፣ በተቆጣ ሆድ የሄደ ሰው ሐረጎን ይናፍቃል።

ከከተማው ሆስፒታሎች በአንዱ የተቀበለችን ቀዶ ሐኪም ከሰሚራ እምብዛም የማትበልጥ፣ ስትናገር የማትቸኩል ልጅ ናት። ሆዴን ቀስ ብላ ተጫነችው፤ ቻልኩት። ድንገት ስትለቀው ግን ከአልጋው ተነሣሁ። መኪና ሲያነጥር ያምዎታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሐረጎን በእያንዳንዱ ኩርባ ስተርክላት በትዕግሥት አዳመጠች። ደም ተወሰደ፤ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ትርፍ አንጀትዎ ተቆጥቷል» አለች።

«ማን አስቆጣው?»

መቆጣት ስትል ማበጡን፣ መቅላቱን እንደሆነ አስረዳችኝ። አልፈነዳም፤ መግል አልቋጠረም፤ አፉን የዘጋው ጠጠርም አይታይም። ቀላሉ ዓይነት ነው አለች። ቀላል ከሆነ ለምን ከባድ እንደሚያመኝ ልጠይቅ ስል ቀጠለች። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ኦፕራሲዮን ነው፤ ይወጣል፣ ነገሩ ያልቃል፣ ዳግመኛ አይመለስም። ሁለተኛው አንቲባዮቲክ ነው፤ መጀመሪያ በደም ሥር፣ ቀጥሎ በክኒን። እንደ እርስዎ ያለው ብዙ ሰው በመድኃኒቱ ብቻ ይሻለዋል። ጥቂት የማይባለው ግን ዘንድሮ ወይም ከርሞ ተመልሶ ይመጣና ያን ጊዜ ይቆረጣል። ሁለቱም መንገድ ነው። ምርጫው የእርስዎ ነው አለች።

እኔ ከሐኪም የለመድኩት ትእዛዝ ነው። ምረጥ የሚል ሐኪም ገጥሞኝ አያውቅም። ምረጥ ከተባልኩ ደግሞ ልማዴ መከራከር ነው፤ ነጋዴ ፍራሽ ይምረጥ አንጀት ልማዱን አይለቅም። የመጨረሻውን ንገሪኝ አልኳት። የመጨረሻው ይኸው ነው አለች። ግማሹን ቆርጣችሁ ግማሹን በመድኃኒት ብታደርጉልኝስ አልኩ። እንደሱ የለም አለች። እንግዲያው ክኒኑን ውጬ ተመልሶ ቢመጣ እናንተ ትወስዱታላችሁ ወይ አልኳት፤ እኔ ፍራሹ ከጎደጎደ እቀይራለሁና። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ከሆነስ እንወስደዋለን፣ የሚመለስልዎት ነገር ግን የለም አለች።

ከዚያ የምር የሆነውን ነገር ጠየቅኋት። እሁድ ልጄን ልድር ነው፤ ብትቀዱኝ እሁድ ኮምቦልቻ ወርጄ እቆማለሁ ወይ? እውነቱን ነገረችኝ። ምናልባት ቀስ ብለው ይራመዱ ይሆናል፣ ምናልባትም አልጋ ላይ ይሆናሉ፤ ቃል አልገባልዎትም። በመድኃኒቱ ከተሻለዎት ሊወርዱ ይችላሉ፤ ካልተሻለዎት ግን እሁድም ይሁን ሰርግ እቀድዎታለሁ።

እንግዲህ ሐሳብ ማረፊያ አጣ። አባት ኒካህ ላይ ባይገኝ ወኪል መስጠት ይችላል፤ ሸሪዓው ይፈቅዳል። የእኔ ወኪል የሚሆነው ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ነው። ሰይድ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ለራሱ ኒካህ ዘግይቶ የመጣ፣ ሲመጣም የሙሽሪትን ስም በእኅቷ ስም የተካ ሰው ነው። ያም ሆነ ይህ ነገሩ ሰይድ አልነበረም። ሰሚራ ከተወለደች ጀምሮ የሰው እጅ ጨብጬ «ልጄን ድሬሃለሁ» የምልበትን ቀን ሳስብ፣ ስወደውም ስፈራውም ኖሬያለሁ። ያን ቃል ሌላ ሰው ሲለው አልጋ ላይ ተኝቼ በስልክ ልሰማ?

አልጋዬ ዙሪያ ሸንጎ ተቀመጠ። መዲና የመድኃኒት ወገን ናት። የእሷ ክርክር የተመሠረተው ዶክተሯ ባለችው በአንዲት ቃል ላይ ነበር። «ተቆጥቷል አይደል ያለችው?» አለች። «የተቆጣ ሽማግሌ ይላክበታል። ቢላ የሚመዘዝበት የት አገር ነው?» ወሎ ላይ ይህን ክርክር የሚረታ ጠበቃ የለም። ክኒኑ ሽማግሌ ነው፤ ይሄዳል፣ ይለምናል፣ ያበርዳል። ጌታቸው የቢላ ወገን ነው። የሱም መልስ ጠንካራ ነበር፤ የታረቀ ባላጋራ ከጎንህ ሲኖር በሰላም ተኝተህ አታድርም፣ እኔ አስወጥቼ ይኸው እንደ ሕፃን እተኛለሁ እያለ ሸሚዙን ይፈታል። አጎራባች አልጋ ላይ ያለው በሽተኛ ጠባሳውን ያየው ያን ዕለት ብቻ ሁለቴ ነው።

ሰሚራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ኒካሁ ይተላለፍ፣ አንተ ትብሳለህ አለች። እንዲህ ስትል ዓይኗ እርጥብ ስለነበር ቢላውን ልመርጥ ትንሽ ቀረኝ። ግን ሀጂ እንድሪስ ትዝ አሉኝ፤ በሳቸው ዕድሜ የሚተላለፍ ነገር የለም። ልጄን አይሆንም አልኳት። ዶክተሯ በር ላይ ብቅ ስትል ቅደዱኝ ለማለት አፌን እከፍታለሁ፤ ስትገባ ክኒን እላለሁ፤ ስትወጣ ደግሞ እንድትመለስ አስጠራታለሁ። ሰውነቴም እንደ ሐሳቤ ነው፤ በቀኝ ስተኛ ግራ ይሻለኛል፣ በግራ ስተኛ ቀኝ ይናፍቀኛል፣ አንሶላው ከእግሬ ሥር ገመድ ሆኗል። ነርሷ እርስዎ ካላረፉ ትርፍ አንጀትዎ እንዴት ይረፍ አለችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ሼህ ይመር ሊጠይቁኝ መጡ። ሼህ ይመር ሰፈራችንን የመረቁ፣ ሱቄን ስከፍትም ዱዓ ያደረጉልኝ ሽማግሌ ናቸው። ወሬውን ሰሙ፤ ዶክተሯም ቆማ ነበር፤ አሰቡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ሁላችንም ዘረጋን፤ ጌታቸውም በአንድ እጁ ሸሚዙን ይዞ በሌላው ዘረጋ። ሼሁ ለዓፊያዬ ለመኑ፣ ለልጄ ለመኑ፣ ለዶክተሯ እጅ ለመኑ። ድምፃቸው እየሞቀ ሄደ። ለእኔ ለዘመናት ሲያደርጉት ወደኖሩት ዱዓ፣ እግሩን እንዳወቀ በቅሎ፣ ሳይታወቃቸው ገቡበት።

«ያአላህ፣ ትርፉን አብዛለት።»

«አሚን» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ። እኔ ከሁሉም ጎልቼ።

መጀመሪያ ዓይኗን ያፈጠጠችው መዲና ናት። ጌታቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሼህ ይመር እጃቸው እንደተዘረጋ ቀርተው፣ ወደ ላይ ቀና አሉና በታላቅ አክብሮት፣ «የሱቁን ማለቴ ነው» አሉ። ዶክተሯ ከዚህ በላይ መቆም አልቻለችም፤ ኮሪደር ወጥታ ስትስቅ ተሰማን።

ስትመለስ ቆርጫለሁ አልኳት፤ አልቆረጥም ብዬ ቆርጫለሁ። የሼሁ ዱዓ ይብዛ ብሎ ከወጣ ይቀነስ ማለት ምን ያስከትላል? እሷ ግን ኮስተር ብላ አስተካከለችኝ። የምፈቅድልዎት ዱዓው ተሳስቶ ስለወጣ አይደለም፤ ምርመራዎ ስለሚፈቅድ ነው። እንደ እናታችን አነጋገር ልንገርዎት፤ ሽማግሌ እንልክበታለን። ሽማግሌ ሲገባ አልሰማም ካለ፣ ትኩሳትዎ ካሻቀበ ወይም ሕመሙ ከባሰ፣ ሁለተኛ ሽማግሌ አልልክም። ታርቆም ቢሆን ተመልሶ ሊጣላ እንደሚችል እያወቁ ይፈርሙ። ፈረምኩ። መዲና በሕይወቷ ከተማረ ሰው ጋር እንዲህ ተስማምታ አታውቅም።

መድኃኒቱ በደም ሥሬ መንጠብጠብ ጀመረ። እኔ ደግሞ ማዳመጥ ጀመርኩ። ጎኔን ጫን አደርጋለሁ፣ ለቀቅ አደርጋለሁ፤ ተሻለኝ እላለሁ፣ አልተሻለኝም እላለሁ። ቢያንስ የትኩሳት መለኪያውን ለእኔ ተዉልኝ ብዬ ለምኜ ከብብቴ አላወጣ ስላልኩ ወስደውብኛል። ዓርብ ጠዋት ሕመሙ ለዘብ ያለ መሰለኝ፤ ሆኖም ለመነሣት ፈራሁ። ሽማግሌዎቹ ገና እያወሩ ከሆነ ምን ያቋርጣቸዋል ብዬ እንደ እንጨት ተጋድሜያለሁ።

እዚህ ላይ ነው ስልኩ የጠራው። ሱቄን ከፍቶ የዋለልኝ ጌታቸው ነበር። ከጀርባው የሰው ድምፅ ይንጫጫል።

የሆነው እንዲህ ነው። ጠዋት አንድ ደንበኛ ከመንገዱ ማዶ ሰውየው የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። ጌታቸው የጫማ ካርቶን ተሸክሞ ስለነበር ከሩቅ፣ ልጁን ሊድር ስለሆነ ትርፉን ላስወጣ አላስወጣ እያለ ነው ብሎ ይመልስለታል። መኪና አለፈ፤ ግማሹ ተሰማ፤ ግማሹ አልተሰማም። ወሬው ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ሲሄድ መላ ያዘ፤ ልጁን ሊድር ስለሆነ ትርፉን አስወጥቷል፣ ብርድ ልብስ በመጣበት ዋጋ እየሸጠ ነው። ወሬው ሚኒባስ ተሳፍሮ ቦሩ ሜዳ ሳይደርስ አልቀረም፤ ምክንያቱም ከቦሩ ሜዳ የመጡ እናቶች ሱቄ ደጃፍ ተሰልፈዋል።

ስህተት ነው በላቸዋ አልኩት።

«እንዴት ብዬ?» አለ ጌታቸው። «ዱዓ አድርገውልሃል እኮ። አንዷ እናት ለሰሚራ መንታ ልጅ፣ ለአንተ ጀነት ለምነው ጨርሰዋል። የተመረቅህበትን ነገር ሄጄ መልሱልን ልበል?»

ወሎ ላይ ይህንንም የሚረታ ጠበቃ የለም። ምርቃት ከተቀበልክ ተቀበልክ ነው። ለነገሩ እኔ ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት የማስታውሰው፣ የግሉኮሱን ቱቦ በአንድ እጄ ይዤ ከአልጋው ላይ ወደ መሬት መዝለሌን፣ ከዚያም «ሱቁን ዝጋው» እያልኩ ባለሁበት እየነጠርኩ መሬቱን መርገጤን ነው። ዶክተሯ በሩ ላይ ቆማለች። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አላውቅም።

«ሲዘሉ አመመዎት?» አለችኝ።

ቆም አልኩ። ጎኔን አዳመጥኩ። ትንሽ ደንዘዝ ያለ ነገር አለ እንጂ ያ ጎማ የሚመታው ጠጠር የለም። እስቲ ይድገሙት አለችኝ። ዘለልኩ። አንድ እግርዎን አንሥተው አለች። በአንድ እግሬ ዘለልኩ። አጎራባቼ በሽተኛ እጁን አጨበጨበ። ይህን ምርመራ ጠዋት ላደርግልዎት ነበር፤ አልነሣም ብለው ነው እንጂ አለች። ትኩሳቱም ወርዷል፣ የደሙም ውጤት ጥሩ ነው፤ አንድ ቀን ታይቼ ቅዳሜ በክኒን ወጣሁ። ክኒኑን ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለም፤ ኮምቦልቻ ሐኪም ቤት ስላለ ይፈቀዳል እንጂ ከሐኪም ቤት ራቅ ያለ ቦታ መሄድ የለም፤ ጎኔ እንደገና ካመመኝ ወይም ካተኮሰኝ ሙሽራም ይዤ ቢሆን መሮጥ ነው። ጌታቸው ተስፋው ተሟጦ ሸሚዙን ቆለፈ። እኔም ሱቄን ሄጄ ባዶውን መደርደሪያ አየሁና፣ ከሁለቱ ትርፎቼ አንዱ በርግጥ እንደወጣ ገባኝ። ማደንዘዣም አልሰጡኝም።

እሁድ ቤተሰቡን የጫነው ሚኒባስ ሐረጎን ሲወርድ፣ ሙሽሪት መስኮት ጋ፣ እኔ አጠገቧ፣ ከሱቄ የተረፈኝን አንድ ትራስ ሆዴ ላይ ታቅፌ፣ በየኩርባው ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ። መኪናው ይዘፍናል። አክስቶች በአክስቶች ላይ ተቀምጠዋል። ሰይድ ደግሞ ለአንዴ በሰዓቱ በመድረሱ ያችው በርጩማ ደርሳዋለች። ገና ከዳገቱ አናት ሳንርቅ ያው ትራፊክ አስቆመን፤ አንገቱን አስገባ።

«ትርፍ አለ?»

ሹፌሩ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩት። «እኔ አለኝ። ዶክተሯ ግን ይዘኸው ውረድ ብላኛለች።»

ትኩር ብሎ አየኝ። ያ የሰገደለት ሰው መሆኔን ሲያውቅ ሳቀ፤ ሙሽሪትንም አየ፤ በእጁ ሂዱ አለን።

ሀጂ እንድሪስ ግቢ ውስጥ ምንጣፉ ላይ ከሙሽራው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተቀመጥን። ሼህ ይመር አውራ ጣታችንን አገጣጥመው ነጭ ጨርቅ ጣሉበት። የሚባለውን ቃል ለመናገር አፌን ስከፍት ቀኝ ጎኔ ግርጌ ወጋኝ። ላቤ መጣ። ሆዴ የተላኩት ሽማግሌዎች ተጣልተው ተበተኑ፣ ሁሉም ነገር እዚህ ምንጣፍ ላይ ሊፈነዳ ነው አልኩ። ልቤ ወደ በሩ ሮጠ፤ ዓይኔ ሰይድን ፈለገ፤ ሰይድ የሰው ጫማ ይረግጣል። እንግዲያው ሳልፈነዳ ልጨርሰው ብዬ፣ «ልጄን ሰሚራን በአላህ ስም ድሬሃለሁ» የሚለውን አንዲት ቃል ነው ብሎ የሚምል ሰው እስኪኖር ድረስ ባንድ ትንፋሽ ለቀቅኩት። ልጁ ምን እንደተባለ ለማጣራት ቀና አለ። ሼሁ ቀስ ብዬ እንድደግመው አዘዙኝ።

ስደግመው በግራ እጄ ጎኔን ዳበስኩ። የክኒኑ እሽግ ነው። መዲና ሰዓቱ እንዳያልፍበት ብላ ሽርጤ መታጠቂያ ውስጥ ወሽቃው ኖሮ፣ ስቀመጥ ማዕዘኑ ወጋኝ። ስለዚህ ሁለተኛውን ጊዜ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ እያንዳንዱን እየሰማሁት ተናገርኩ። ልጁ ተቀበለ። ሼህ ይመር እጃቸውን ዘርግተው ለሙሽሮቹ መረቁ። ትርፍ የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ፤ በጎን አዩኝ፤ «በረካቸውን አብዛላቸው» ብለው ዞሩ።

ወደ ማታ ተነሣን። ጎኔ አሁንም ይናገራል አይናገርም እያልኩ አዳምጣለሁ፤ ዛሬም ድረስ አዳምጣለሁ። ጌታቸው የሱ ደሴት ላይ ብቻውን ተመልሷል፤ እኔ ግን ከታረቀ ባላጋራዬ ጋር አንድ አልጋ ላይ እገላበጣለሁ። ያን ዕለት ግን መኪናው ዳገቱን ሲወጣ፣ ጠጠሩ ሁሉ እየመታኝ፣ ሕመሙ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ዘፈኑ ቆሟል። አክስቶች አንቀላፍተዋል። ትራሱን መስኮቱ ጋ ባዶው ወንበር ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ትራፊኩ ገና አልሄደም። በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ እንደ ልማዱ ጠየቀ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና መልሱን ለእኔ ተወው።

«የለም ልጄ» አልኩት። «ቁጠረን፤ አንድ ጎደለን።»